የማይወረስ ጆሮ

ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ይህን የምጽፈውም ማውራት አምሮኝ ሳይሆን፣ ነገሩ ከአፍ አፍ ሲዞር ቀንድና ጭራ ስላበቀለ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የማላውቃት ሴት ጠጋ ብላ፣ «በሞተች ሴት ጆሮ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሴትዮዋ ያን ያህል አልተሳሳተችም።

ጆሮዬ መድከም ከጀመረ አራት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ የሄደው የወፍ ድምፅ ነው። አላዘንኩም፤ ወፍ ለኔ ብሎ አይዘምርም። ቀጥሎ የበር ደወል ሄደ፤ ይኼ እንዲያውም እረፍት ነበር። ሦስተኛ የሰው ንግግር ሲሄድ ግን ችግር መጣ፤ እኔ የሴቶች እድራችን ጸሐፊ ነኝና።

ጸሐፊ የሚባለው የሰማውን የሚጽፍ ነው። እኔ ያልሰማሁትን መጻፍ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚለብስ አውቃለሁ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የተቆጣው ከፊቱ ይታወቃል፣ የቀረውን ከልቤ እሞላለሁ። አንድ ጊዜ «ለቅሶ ቤት ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ እንዲቀር ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደወሰነው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲነበብ ግን የተቃወመ ሰው አልነበረም።

ሐኪም ቤት ሄጄ መስሚያ ጠይቄ ነበር። ወረፋው ሰባት ወር ነው አሉኝ። ሰባት ወር ለወጣት ወረፋ ነው፤ ለኔ ትንቢት ነው።

ጎረቤቴ አስካለ የሞተችው በዚህ መሐል ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ። ከሰዓት በኋላ መናፈሻው ውስጥ አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠናል። እኔ «ዝናቡ ቆሟል» እላለሁ፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ከኔ በፊት የደነቆረች ስለሆነች፣ ሳትሰማኝ ለይሉኝታ ነው የምትነቀንቀው ብዬ አስብ ነበር። አልጠየቅኋትም። ሁለት ደንቆሮ በአንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ጉርብትና ነው።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ልጇ ሄለን እንደ ደንቡ የእናቷን ልብስ ለወዳጆቿ አከፋፈለች። ለአንዷ ሹራብ፣ ለአንዷ ጋቢ ደረሳት። ለኔ ትንሽ ሣጥን አመጣችልኝ። ስከፍተው ሁለት ጆሮዎች አየሁ። የአስካለ መስሚያዎች ማለቴ ነው፤ ሽንብራ የሚያክሉ፣ የሰው ቆዳ ቀለም ያላቸው።

«እትዬ፣ ይኼ የማሚ ነው» አለች ሄለን። «ላስት ይር ነው የገዛችው፣ ኒው ነው። ግን ያለ ፎኗ አይሠራም፣ ሶ ፎኗንም ይያዙት።»

«የሟች ጆሮ ይደረጋል እንዴ ልጄ?»

«ክሊን አድርጌዋለሁ።»

ስልኩ ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ሄለን ሳታየው በአውራ ጣቷ ወደ ታች ወረወረችውና መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር ነካች።

«ምኑን ነካሽው?»

«አግሪ ነው። ኤቭሪባዲ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«ማን ነው የተስማማው?»

ሄለን ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ግን ነገሩ ደስ አላለኝም። መዝገብ ቤት ውል ሊፈርም የመጣ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያልበው ነበር። ሁለት ተዋዋዮች፣ ሦስት እማኞች። እኔ መጨረሻው ላይ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የምትለዋን ስመታ ሁሉም ትንፋሹን ይሰበስባል። እዚህ እማኟ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተስማማች የተባለችው ደግሞ ከተቀበረች አርባ ቀን አልፏታል።

በማግስቱ ጠዋት አደረግኋቸው። አጭር ዜማ ተሰማ፤ ከዚያ አንዲት ፈረንጅ ከጭንቅላቴ መሐል፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ አስካሊ» አለችኝ።

አማተብኩ። ከዚያ ማቀዝቀዣዬ ስንት ዓመት ሲያንጎራጉር እንደኖረ ሰማሁ። የቧንቧውን ጠብታ ሰማሁ። «እንግዲህ» አልኩ ለራሴ።

ከጆሮዬ ሥር አንዲት ሴት፣ ከኔ እኩል፣ በኃይል፣ «እንግዲህ» አለች።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። «ማነሽ?» አልኩ። «ማነሽ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ዐውደ ምሕረት ሰባኪ የጎላ፣ ማንንም የማይፈራ ነው። የኔ ድምፅ እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ስናገር ሰው ሁሉ «ምን አሉኝ?» ነው የሚለው። ስለዚህ እስክትሄድ ድረስ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሄለን ቤት ሄድኩ፤ ማውንትሌክ ቴራስ ነው፣ በባቡር የሚኬድ። ባቡሩ ጋ ለመድረስ ቢከን ሂል ላይ በአሳንሰር ወደ መሬት ሆድ መውረድ አለ። እዚያ ታች ሁለት ሴቶች ስለ ጫማ ሲያወሩ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ፤ ልቤ ረጋ አለ። ሄለን ቤት ስደርስ ግን በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ ከፈተችልኝ፤ አስካለ ልደት ላይ ስትመርቅ። ጭብጨባው ይሰማል። ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። ከውጭ ውሻ ሲጮህ ይሰማል። የአስካለ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ከከንፈሯ የሚወጣ ግን ምንም የለም። ሁሉም «አሜን» ይላሉ፤ ለምን እንደሚሉ አይታወቅም።

ሄለን ዓይኗን እየጠረገች፣ «ይሰማዎታል?» አለችኝ።

«ይሰማኛል» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ያቺም ሴት ከጆሮዬ ሥር «ይሰማኛል» አለች። ሁለታችንም ዋሸን።

ቅዳሜ የእድር ስብሰባ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። አዳራሹን ሙሉ ሰማሁት፤ የሚያፏጭ አፍንጫ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ከኋላ የሚንሾካሾኩትን ሳይቀር። ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲነሱ ግን ነገሩ ተቀየረ። ወንበር ሲንቋቋ እሰማለሁ። ሰው ሲያስል እሰማለሁ። እሳቸው ብቻ መስታወት ውስጥ እንዳለ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እጃቸው ይወራጫል፤ ጠረጴዛውን ሲመቱ የጠረጴዛው ድምፅ ይመጣል፤ የእሳቸው አይመጣም። አርባ ደቂቃ። በየመሐሉ ሰው ይስቃል።

ድሮ ቢሆን ከልቤ እሞላው ነበር። አሁን ግን መስሚያ አድርጌያለሁ፤ የሰማሁትን የመጻፍ ግዴታ አለብኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሊቀመንበሯ ተነስተው አርባ ደቂቃ ቆሙ። ምንም አልተናገሩም።»

በእድራችን ደንብ ቃለ ጉባኤ መጀመሪያ ይነበባል፣ ከዚያ ይፈረማል። በልማዳችን ግን መጀመሪያ ይፈረማል፤ ባቡር የሚያመልጠው ሰው አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ሳያነቡ ፈረሙ። ከዚያ የኔ ድምፅ ስለማይሰማ ሁልጊዜ የምታነበው ገንዘብ ያዧ ጮክ ብላ አነበበችው።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብድግ ሲሉ ሳቁ ቆመ። የተናገሩትን መቼም አልሰማሁም፤ ፊታቸው ግን በቂ ነበር። ከኋላዬ ያለችውን ሴት ደግሞ በደንብ ሰማኋት፤ «ጆሮዋ ሳይሆን ጭንቅላቷ ነው እንዴ?» አለች። ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል ይባላል። የሰማ ጆሮም ያው ነው።

ስንወጣ ገንዘብ ያዧ ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «እትዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ጸሐፊነትዎ ይወሰናል። ሊቀመንበሯ አምርረዋል» አለችኝ።

ከዚህ መዝገብ ሌላ ሥራ የለኝም። ቢወስዱብኝ ቅዳሜ ከማክሰኞ አይለይም። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልጽፍም።

ሰኞ ጠዋት ያቺ ፈረንጅ «ጉድ ሞርኒንግ፣ አስካሊ» ብላ አላበቃችም። አዲስ ውል መጥቷል አለች። ስልኩ ላይ ሁለት ሣጥን ተሠርቷል፤ አንዱ «እኔ አስካለ ነኝ፣ እስማማለሁ» ይላል፣ ሌላው «አልስማማም»። እስከ ዓርብ ቀትር ካልተነካ መስሚያው ይዘጋል። ከዓርብ ቀጥሎ ደግሞ ያው ቅዳሜ ነው።

መዝገበ ቃላት አውጥቼ ውሉን ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩት። በዓለም ላይ ይህን ያደረገ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አሥራ ሰባት ዓመት ውል ስጽፍ እንዲህ ያለ አላየሁም። መስሚያው ተሽጧል ይላል፤ በውስጡ የሚያስበው ግን አልተሸጠም፣ ተፈቅዷል እንጂ። ፈቃዱ ለአስካለ ብቻ ነው፤ በሽያጭ፣ በስጦታም ሆነ በውርስ አይተላለፍም። ሰጪው በፈለገ ጊዜ፣ በምክንያትም ያለ ምክንያትም፣ ይነሣዋል። ከአንቀጾቹ አንዱ ቢሞት የቀሩት በሕይወት ይቀጥላሉ። ሰጪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ ፈለግሁ። ስም አለው፣ ፊት የለውም።

ረቡዕ ማህሌት ጋ ሄድኩ። ማህሌት የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፣ ጠበቃ ናት። ቢሮዋ ሶዶ በሚባለው የዚህ አገር የመጋዘን ሰፈር፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ነው፤ ከሥር የጭነት መኪና ሲገባ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ ውሉን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ተነስታ በሩን ዘጋች። «እኔ ራሴ የአንዱንም አንብቤ አላውቅም» አለች ዝቅ አድርጋ። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

ከዚያ አስረዳችኝ። «ዕቃው የእርስዎ ነው፤ ሄለን ሰጥታዎታለች። ላይሰንሱ፣ ማለትም ፈቃዱ ግን የእትዬ አስካለ ነው። ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል።»

«ታዲያ ሄለን አግሪ ስትነካ ማን ተስማማ?»

«ሄለን በራሷ ስም አልተስማማችም። እትዬ አስካለ አርፈዋል፤ ሟች ውል አይገባም። የእርስዎ ስም ደግሞ የለም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ውል የለም።»

«እኔ ግን እየሰማሁሽ ነው።»

«በሕግ ዓይን፣ እማማ፣ ማንም እየሰማኝ አይደለም።»

ከሥር መኪና ገባ። ወንበሬ ተንቀጠቀጠ። አንደኛዋ ወገን ሞታለች፣ ሁለተኛው ወገን መልክ የለውም፤ መሐል ላይ እኔ አለሁ፣ ስሜ የትም የለም። እንዲህ ያለ መዝገብ ወደኛ ቢመጣ ኖሮ ዋናው ሬጅስትራር ጸበል ያስረጨው ነበር።

ማህሌት ስልኩን ትነካካ ጀመር። «ይኼን ግን አይተውታል?» አለችኝ። የስም ዝርዝር ነው። አስካለ የሰዎችን ድምፅ አንድ በአንድ ቀድታ አስቀምጣለች። ከያንዳንዱ ስም ፊት መስመር አለ፤ ሲረዝም ያ ሰው ይጎላል፣ ሲያጥር ይደክማል።

ማህሌት አነበበችልኝ። «‘የኔ ድምፅ’ የሚለው የራሳቸው የእትዬ አስካለ ነው፣ ዝቅ። የባለቤቱ ድምፅ ራሱ ላይ እንዳይጮህበት መሣሪያው ይቀንሰዋል።» ቪዲዮው ይኼ ነበር ማለት ነው። «ሄለን፣ መሐል። ቄሱ፣ ከመሐል በታች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ...» ሳቋን ዋጠች። «ዜሮ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እርስዎ ነዎት።»

«ዝቅ ነው?»

«እስከ ጥጉ ነው። ከዚህ በላይ አይሄድም።»

መቼ እንደቀዳችኝ አላውቅም። አግዳሚው ላይ መሆን አለበት፤ ሌላ ቦታ አብረን ተናግረን አናውቅም። ያቺ እንደ ሰባኪ የምትናገር፣ ማንንም የማትፈራ ሴት እኔ ነበርኩ፤ አስካለ እንደዚያ አድርጋ ነበር የምትሰማኝ። ራሷን ስትነቀንቅ ሰምታ ነበር።

«የመስኮትሽ መስታወት ቆሽሿል» አልኳት ማህሌትን።

«አዎ» አለች፤ ወደ መስኮቱ ግን አላየችም። ቀጥላም፣ «ዓርብ ‘አስካለ ነኝ’ ብለው ቢነኩ ማንም አይመጣብዎትም» አለችኝ። «ወይዘሮ ጥሩወርቅንም ከፍ ላድርግልዎ፤ ቅዳሜ ሁሉንም ይሰማሉ። ለኩባንያው እውነቱን ከነገሩ ግን በስምዎ አዲስ እስኪከፍቱ ይዘጋል፤ ይኼ ዝርዝርም ይሰረዛል። እኔ ደግሞ ዋሹ ብዬ መምከር አልችልም።»

በሟች ስም ፈርመው የመጡ ሰዎች መዝገብ ቤት አይቻለሁ። ፊታቸውን አልረሳም። አንዱም እንኳ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።

ሐሙስ ኩባንያው ዘንድ ደወልኩ። አስተርጓሚ አመጡልኝ፤ ከሩቅ የሚናገር አማርኛ የሚያውቅ ሰው።

«ባለ ፈቃዷ ስልኩ ላይ መምጣት ይችላሉ ወይ ይላሉ።»

«አይችሉም። ሞተዋል።»

አስተረጎመ። «እናዝናለን ይላሉ። ግን ፈቃዱ በሌላ ሰው እንዲቀየር ባለ ፈቃዷ ራሳቸው ማረጋገጥ አለባቸው ይላሉ።»

«ምኑን ነው የሚያረጋግጡት?»

«መሞታቸውን» አለ፤ አፍሮ መሰለኝ። «እኔ አስተርጓሚ ነኝ እንግዲህ፣ እናቴ።»

በመጨረሻ ሄለን የሞት የምስክር ወረቀት እንድትልክ፣ ጉዳዩም በጥቂት ሳምንት እንዲታይ ተስማማን። ዓርብ ቀትር ግን ዓርብ ቀትር ነው አሉ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዘነበ፤ ወደ ቀትር ሲጠጋ አባራ። ስልኩን ይዤ መናፈሻው ሄድኩ። አግዳሚው ርሷል፤ አስካለ የምትቀመጥበት ጫፍ ብቻ ደረቅ ነበር። ዛፉ ስለሚከልለው ይሆናል። እርጥቡ ላይ ላስቲክ አንጥፌ ተቀመጥኩ።

«አስካለ፣ ዝናቡ ቆሟል» አልኩ።

ድምፄ መናፈሻውን ሞላው። በአስካለ ጆሮ እንዲህ ነው የሚሰማው። መልስ አልጠበቅሁም። ከዚያ «አልስማማም» የሚለውን ነካሁ።

ፈረንጇ «ጉድ ባይ፣ አስካሊ» አለች። ወፎቹ ሄዱ። ቀጥሎ መንገዱ ሄደ። በመጨረሻ የራሴ ትንፋሽ ሄደ። ሁለቱን መስሚያዎች አውጥቼ ሣጥናቸው ውስጥ አስተኛኋቸውና ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ሰው ከወትሮው በዝቶ መጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳይጀምሩ እጄን አወጣሁና ተነሳሁ። በእድራችን ታሪክ እጄን ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

«አራት ዓመት አልሰማሁም» አልኩ። ራሴን ስለማልሰማ ምን ያህል እንደጮኽኩ አላውቅም፤ የፊት ረድፍ ወደ ኋላ ዘንበል አለ። «የጻፍኩትን ከልቤ ነው የጻፍኩት። መስሚያው የአስካለ ነበር፤ የኔ ስላልሆነ ተውኩት። ሊቀመንበሯ ባለፈው መናገራቸውን አምናለሁ። እኔ አልሰማሁም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ስለ ዝርዝሩ አልተናገርኩም፤ ሟች አይከሰስም። እዚህ የጻፍኩትም ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚያነቡ ሰው ስላልሆኑ ነው።

ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ጉባኤው ዞረው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። እጆች ወጡ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ ረድፉ ሁሉ፤ በመጨረሻ የራሳቸውም። ገንዘብ ያዧ ፊቷን በአንድ እጇ ሸፍና በሌላው አወጣች። ከአዳራሹ አንድም እጅ አልቀረም።

እስክሪብቶዬ መዝገቡ ላይ ነበር። የምጽፈውን አውቃለሁ፤ «ጸሐፊዋ እንዲነሱ ተወስኗል»። እጄ ሊጽፍ ሄዶ ቆመ። «የተጠየቀው ምንድን ነው?» አልኩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠረጴዛውን ዞረው መጡና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። የእጅ ጽሑፋቸው መጥፎ ነው።

«‘አለመስማታቸውን ታውቁ የነበራችሁ እጅ አውጡ’ ነው ያልኩት።»

ቀና ብዬ አየሁ። እጆቹ አሁንም አልወረዱም።

«ታዲያ ስንት ዓመት ለምን ዝም አላችሁ?»

ጻፉ፦ «የሚጽፉት እኛ ከምንለው ይሻል ነበር። ይቀጥሉ።»

ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው ጎንበስ አሉ፤ ከሥሩ ጨመሩበት፦ «‘ምንም አልተናገሩም’ የሚለውን ግን ይሰርዙልኝ።»

መዝገቡን ወዳለፈው ስብሰባ ገለጥኩ። ጣቴን ከአርባ ደቂቃው ሥር ወዳለው ትልቅ ፊርማቸው ወሰድኩ።

«ፈርመውበታል» አልኳቸው።

ዝቅ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ አዳራሹ ሁሉ ግን ዞሮ አየን።